ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ መኪናችሁ መብራት ለምን ይደክማል? ሪሌስ ምን ይሠራል?

ሰላም ውድ አንባቢዎች። ባለፈው እትም ስለ አሮጌ መኪና ሽቦ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ናቸው፤ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ለሪሌ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፤ ምክንያቱም እሱ ከገባን ሌሎቹ ቀላል ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በፈረንጅ 1968 የተሠራች ቮልስ አለችኝ፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን በወር አንዴ ሁለቴ እናቴን ለመጠየቅ ሸዋሮቢት እወርዳለሁ። ችግሬ የፊት መብራቷ ነው። ሲመሽ ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ከሻማ አይሻልም። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደማ የመንገዱ ጠርዝ የት እንዳለ አላውቅም። አምፖል ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አንዱ መካኒክ መቶ ዋት አምፖል ግጠምላት አለኝ። ሌላው ሪሌ ይግባላት አለ። ማንን ልስማ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ስማ። የመቶ ዋቱን ነገር ጨርሶ እርሳው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ በሽታው የት እንዳለ እንይ። የቮልስ ባትሪ የኋላ ወንበር ሥር ነው። መብራቱ ያለው ፊት። ኤሌክትሪኩ ከኋላ ተነስቶ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው ማብሪያ ይሄዳል፣ በማብሪያው ሆድ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ረጅምና አጭሩን ወደሚቀያይረው፣ ከዚያ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ፣ ከዚያ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። ይሄ ሁሉ በቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው ደግሞ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በየመጋጠሚያው ዝገት አለ፣ የላላ ጫፍ አለ፣ አንድ ሰው ድሮ ቀጥሎ በናስትሮ ጠቅልሎት የሄደ ቦታ አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል።

ከትራንስፎርመር ራቅ ያለ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የዚያ ቤት አምፖል ይቀላል። አምፖሉ ምንም አልሆነም። ኃይሉ ነው መንገድ ላይ የቀረው።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። የክር አምፖል ብርሃን የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ አይደለም፣ ከዚያ በጣም በፍጥነት ነው የሚወድቀው። ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እኔ ራሴ የያዝኳት ቮልስ ላይ ስለካው ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ነበር፣ የአምፖሉ ሶኬት ላይ ግን 11.5። 2.3 ቮልት መንገድ ቀርቷል። ማብሪያውን ከዳሽቦርዱ ፈትቼ ሳወጣው ጀርባው ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፤ የቀዩ ሽቦ ሽፋን ጫፉ ላይ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። የጠፋው ቮልት ወዴት እንደሄደ ያኔ በዓይኔ አየሁት። ሙቀት ሆኖ ማብሪያዬን ሲጠብስ ነው የከረመው። ሪሌ ካስገባሁ በኋላ አምፖሉ ላይ 13.4 ደረሰ። አምፖሎቹ እነዚያው ናቸው፣ ግን በፊት ከሚያበሩት በግማሽ የበለጠ ማብራት ጀመሩ።

አሁን ወደ መቶ ዋቱ እንመለስ። ሁለት የ55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለት የመቶ ዋት አምፖል ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። ያንን ሁሉ በዚያ በተዳከመ ማብሪያና ሽቦ ስታሳልፈው መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልትም ይጨምራል፣ ሙቀቱማ አይወራም። የምታተርፈው ብርሃን ትንሽ ነው። የምታጣው ማብሪያህን፣ ከከፋም መኪናህን ነው። ሌላም አለ፤ የ12 ቮልቷ ቮልስ ዲናሞ ሙሉ አቅሙ 30 አምፔር ነው፣ ያውም ሞተሩ በደንብ ሲዞር። ዝግ ብለህ ስትነዳ ያን ያህል አይሰጥህም። መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ኮይል፣ የፍሬን መብራት ሲደመር ባትሪህ ሌሊቱን ሙሉ እየተበላ ይሄዳል።

ሪሌው ምን ያደርጋል? ሥራው ቀላል ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ውስጡ ያለው መጠምጠሚያ ማግኔት ይሆናል፣ ማግኔቱ አንድ ምላስ ስቦ ይዘጋል፣ በዚያ ምላስ በኩል ትልቁ ኤሌክትሪክ በአጭር መንገድ ያልፋል። መጠምጠሚያው የሚበላው 0.2 አምፔር ቢሆን ነው። ስለዚህ የድሮው ማብሪያህና የድሮው ሽቦ ከእንግዲህ 9 አምፔር አይሸከሙም። መልእክት ብቻ ያደርሳሉ። ሸክሙን አዲስ ወፍራም ሽቦ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ያንተ ቮልስ ረጅምና አጭሩን የሚቀያይር ሪሌ ቀድሞም አላት። "ሪሌማ አላት፣ ምን ያደርግላታል?" የሚልህ መካኒክ ይኖራል። ያ ሪሌ ይቀያይራል እንጂ ሸክሙን ከማብሪያው ላይ አያነሳም። የምንፈልገው ከእሱ ቀጥለው የሚገቡ ሁለት አዲስ ሪሌዎች ነው፣ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም።

ከመግዛትህ በፊት ግን ለካ። ቴስተር ያስፈልግሃል፣ ውድ አይደለም። ሞተሩን አስነስተህ፣ መብራቱን አብርተህ፣ ጋዝ ትንሽ ሰጥተህ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፣ ከዚያ አምፖሉ ሶኬት ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ሥራ አለህ። ከዚያ የአምፖሉን ቡናማ ሽቦና የባትሪውን ኔጋቲቭ መሐል ለካ። ዜሮ ሊሆን ምንም አይቅረው። 0.3 ወይም 0.5 ካሳየህ ችግሩ ግራውንዱ ነው፤ ሽቦው ከቦዲው ጋር የተያያዘበት ቦታ ዝጓል። ብሎኑን ፈትተህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገህ፣ መልሰህ አጥብቀው። ሰው ሁሉ ይሄንን ይዘለውና በኋላ ሪሌ አልሠራልኝም ይላል።

አሁን ወደ ሥራው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳትነቅል ምንም አትንካ። ቮልስ ላይ ይሄ ከሌላ መኪና ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የምትሠራበት የፊት ኮፈን ሥር ያለው የቤንዚን ታንከር ነውና። አንዲት ብልጭታ እዚያ ቦታ አትፈለግም።

ከባትሪው ፖዘቲቭ አዲስ ሽቦ አውጣ፣ ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ይሁን። ምን ልዩነት አለው ካልከኝ፣ 4 ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ 10 አምፔር ሲያልፍበት 1.5 ካሬ ሽቦ ግማሽ ቮልት ሊበላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ 4 ካሬው 0.2 እንኳ አይደርስም። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ የ25 አምፔር ፊውዝ አድርግለት። ይሄን ፊውዝ የሚዘሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ በጣም ያናድደኛል። ያለ ፊውዝ ሽቦው የሆነ ቦታ ተፍቆ ቦዲ ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፣ እስኪነድ ድረስ። ቀዳዳ ውስጥ ባለፈ ቁጥር የጎማ ቀለበት አግባበት፣ ቆርቆሮ ስል ነው።

የኋላውን ወንበር ካነሳህ አይቀር ባትሪው ላይ መሸፈኛ መኖሩን እይ። የወንበሩ ሞላ ብረት ነው። ኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ወንበሩ እሳት ይይዛል። በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ወፍራም ጎማም ቢሆን ጣል አድርግበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሪሌው እግሮቹ ላይ ቁጥር አለው። 30 ላይ ከባትሪ የመጣው ወፍራም ሽቦ ይገባል። 85 ወደ ግራውንድ። 86 ላይ ከቀያያሪው ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይሄድ የነበረው ሽቦ ይገባል፤ ቮልስ ላይ ቢጫው አጭር፣ ነጩ ረጅም ነው። ከዚያ ከ87 ተነስተህ ያ ሽቦ ይገባበት ወደነበረው የፊውዝ ቦታ ትሄዳለህ፣ ለዚህኛው 2.5 ካሬ ይበቃል። እንዲህ ስታደርግ የድሮዎቹ ፊውዞች ቦታቸውን ይዘው ይቀራሉ። ቮልስ ለግራና ለቀኝ መብራት የየራሱ ፊውዝ ስላላት አንዱ ቢቃጠል በሌላው ቤትህ ትገባለህ። ጣርማ በር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የፊውዝ ቤቱን ምላሶች ግን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳቸው፣ ከላሉም ጠበቅ አድርጋቸው።

አንዳንድ ሪሌ አምስተኛ እግር አለው፣ 87a የተጻፈበት። እሱን እንዳትነካው። እሱ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ማብሪያውን ስታጠፋ መብራቱ ይበራል፣ ጠዋት ባትሪህ ሞቶ ታገኘዋለህ። ሪሌዎቹን ስትሰቅላቸው እግራቸው ወደ ታች ይሁን፣ ውሃ እንዳይቋጥሩ። ሶማሌ ተራ ከነሶኬታቸው ከተፈቱ መኪናዎች የወጡ ጥሩ ጥሩ ሪሌዎች ታገኛለህ። ስትገዛ እዚያው 85ንና 86ን ባትሪ ላይ አስነክተህ ጠቅ ሲል ስማ፤ ከዚያ በ30ና በ87 መሐል ማለፉን በቴስተር አረጋግጥ። ጠቅ ማለቱ ብቻ አይበቃም። ውስጡ የተቃጠለም ጠቅ ይላል።

ይሄን ሁሉ ጨርሰህ ብርሃኑ አሁንም ካነሰህ የመብራቱን ውስጠኛ መስታወት እይ። ብሩ ተልጦ ጠቁሮ ከሆነ ምንም ሪሌ አያድነውም፣ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር አለኝ። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ሪሌ ገጠመልኝ። አሁን አጭሩን ሳበራ ረጅሙም ፈዘዝ ብሎ አብሮ ይበራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሪሌው ጨርሶ አይጠፋም። ልጁ ሦስት ቀን ለፋ፣ ግራ ገባው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ መኪናው ስለተለየበት ነው። ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ ላይ ማብሪያው የሚዘጋውና የሚከፍተው ፖዘቲቩን ነው። ብዙ የቶዮታ ላንድክሩዘር አሮጌ ሞዴሎች ላይ ግን ተቃራኒ ነው። ፖዘቲቩ ቀጥታ አምፖሉ ጋ ይመጣል፤ ማብሪያው የሚቆጣጠረው ኔጋቲቩን ነው። ይሄን ሳያውቁ እንደ ቮልስ ከገጠሙት ኤሌክትሪኩ በአንዱ ክር ገብቶ በሌላው ይመለሳል። ፈዘዝ ያለው ብርሃን የመጣው ከዚያ ነው።

ማረጋገጫው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአምፖሉን ሶኬት ይንቀሉ፣ መብራቱን ያብሩ። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለሁለቱም ክር የጋራ ነው። የቴስተሩን ጥቁር ቦዲ ላይ፣ ቀዩን የጋራው ላይ ያድርጉ። 12 ቮልት ካሳየ መኪናዎ በኔጋቲቭ የሚቆጣጠር ነው።

ከዚያ ልጁ እንዲህ ያስተካክለው። የጋራው ሽቦ የሁለቱም ሪሌ 86 ላይ ይግባ። የአጭሩ ሽቦ በአንዱ ሪሌ 85 ላይ፣ የረጅሙ በሌላው 85 ላይ። ማለትም የድሮው ሶኬት ከእንግዲህ ሪሌዎቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አምፖሎቹ ደግሞ አዲስ ሶኬት ይሠራላቸው፤ የጋራው እግር ወደ ቦዲ፣ ሁለቱ ከሪሌዎቹ 87። አሮጌውና አዲሱ ሽቦ ከሪሌው በቀር የትም መገናኘት የለባቸውም። አሁን የሚያስቸግርዎት የሆነ ቦታ ተገናኝተው ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ ሪሌ ውስጥ ዲዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያለበት ዓይነት አለ። እሱን ሲገጥሙ ፖዘቲቩ በ86 በኩል መግባት አለበት። ከተገላበጠ ፊውዝ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ እኔም ቮልስ ነኝ። ጠዋት ስነሳ ቀጥ ብላ ትነሳለች። ከሰዓት ግን ትንሽ ነድቼ፣ ሱቅ ቆም ብዬ ስመለስ ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ትልና ዝም። ሃያ ደቂቃ ስጠብቅ ትነሳለች። ሞተሪኖ ይቀየር ብለውኛል። (ከአዲስ አበባ፣ አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዥ፣ ገና አትቀይሪ። ቁልፉን ስታዞሪ ኤሌክትሪኩ ከኋላ ካለው ባትሪ ተነስቶ ፊት ቁልፉ ጋ ይመጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኋላ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። መኪናዋን ደርሶ መልስ ማለት ነው። የሞተሪኖው ሶሌኖይድ፣ ማለትም ሞተሪኖውን የሚያስነሳው የማግኔት ማብሪያ፣ ደግሞ ለመሳብ ብዙ አምፔር ይፈልጋል። ሲሞቅ የመጠምጠሚያው ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ሆኖ የበቃው ቮልት ሲሞቅ አይበቃውም። ሃያ ደቂቃ ስትጠብቂ የምትነሳው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎች አጽጂና አጥብቂ። ቀጥሎ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ቦዲው የምትሄደውን ጠፍጣፋ የግራውንድ ሽቦ አሳዪ፤ ከሥር ስለሆነች ማንም አያያትም፣ ብዙ ጊዜ ግማሿ ተበጣጥሶ ይገኛል። እነዚህ ደህና ከሆኑ አንድ የ40 አምፔር ሪሌ ሞተሪኖው አጠገብ ያስገቡልሽ። 30 ከሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ላይ በፊውዝ ይምጣ፣ 87 ወደ ሶሌኖይዱ 50 ቁጥር ይሂድ፣ እዚያ የነበረው የድሮ ሽቦ 86 ላይ ይግባ፣ 85 ግራውንድ። ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ሽቦ ነው። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ጠቅ እያለች ከቀጠለች ያን ጊዜ ሞተሪኖው ይፈታ። ሲፈታም ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ የምትቀረውን ትንሿን ቡሽ እንዳይረሱ፣ እሷ ስትበላ ሞተሪኖው ያዝ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው አባቴ በፈረንጅ 1964 የተሠራች ቮልስ አለችው። እዚህ ተገጣጥሞ የሚሸጥ የሪሌ ሽቦ አይቻለሁ፣ ሰው ሲሄድ ልላክለት? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ለአባትህ ደውልለትና ባትሪዋ ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቀው። የ1964 ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 6 ቮልት ነች። እዚያ የምታየው ሽቦ ያለጥርጥር ለ12 ቮልት የተሠራ ነው፤ የ12 ቮልት ሪሌ በ6 ቮልት አይስብም። የ6 ቮልት ሪሌ ለብቻው ይሸጣል፣ እሱን ነው የምትፈልገው። ብዙዎቹ ደግሞ እዚህ አገር ወደ 12 ተቀይረዋል፣ ስለዚህ በዓመተ ምሕረቱ ብቻ አትወስን።

አሁንም 6 ከሆነች ሪሌው ከማንም በላይ የሚጠቅማት ለእሷ ነው። ዋቱ ያው ሆኖ አምፔሩ እጥፍ ነው፤ ሁለት የ40 ዋት አምፖል 13 አምፔር ይስባል። ከ12 ቮልት ላይ አንድ ቮልት ቢጠፋ አሥራ ሁለተኛው ነው፣ ከ6 ላይ ግን ስድስተኛው። ከሪሌዎቹ ጋር ጥሩ 6 ካሬ ሽቦ አብረህ ላክለት።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ድካም ከሚሆን ኤልኢዲ አምፖል ብገጥምስ? ትንሽ ነው የሚበላው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ትንሽ መብላቱ እውነት ነው። ግን የአሮጌ መኪና መስታወት የተሠራው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ ከአንድ ቦታ ይወጣል ተብሎ ነው። ኤልኢዲው ብርሃኑን ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ስለሚያወጣ መስታወቱ ይበትነዋል። አንተ ግድግዳ ላይ ስታየው ነጭና ብሩህ ነው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ግን ዓይኑ ይጠፋል፣ አንተም ራቅ ያለውን አስፋልት አታይም። ለውስጥ መብራትና ለዳሽቦርድ ግጠመው፣ ጥሩ ነው። ለፊት መብራት ግን ጥሩ ስም ያለው 60/55 ዋት ሃሎጅን በሪሌ ይሁንልህ። ዳሽቦርዱ ላይ ስትገጥም ግን የቻርጅ ማሳያዋን ቀይ አምፖል ለብቻ ተዋት። ዲናሞ ያላት መኪና ብዙ አይነካትም፣ አልተርኔተር ላላት ግን በዚያች አምፖል ውስጥ የምታልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት ቻርጅ የምታስጀምረው፤ ኤልኢዲ ስታደርግባት አልተርኔተሩ ዝም ሊል ይችላል።